አጥር ላይ የዋለው አንቀልባ

እታለማሁ ያን አንቀልባ ከቆጡ ላይ ስታወርደው ሐሳቧ ሌላ ቦታ ነበር። ክረምቱ ገና መውጣቱ ነው። ጥቅምት ገብቶ ፀሐይዋ በዘንገና ሐይቅ ዙሪያ ካለው ጫካ ላይ ጉሙን ቀስ እያለች ትገፈዋለች። እንዲህ ባለ ጠዋት የእታለማሁ እጅ ሥራ ይሠራል እንጂ ልቧ የት እንዳለ እሷም አታውቀውም። አንቀልባው የሟች እናቷ ነው። ክረምቱን ሙሉ ጭስና እርጥበት ሲፈራረቁበት ከርመው ጫፍ ጫፉን ሻጋታ ይዞታል፤ ቆዳውም ግትር ብሏል። አሳዘናት። ጥቂት ቅቤ በመዳፏ አሙቃ ቀባችው፤ ጠርዙ ላይ የተሰፉትን ዛጎሎች በጨርቅ ወለወለቻቸው፤ ከዚያም ፀሐይ እንዲያገኘው መንገድ ዳር ካለው አጥር ላይ ሰቀለችው። ያደረገችው ይኸው ነው።

አይ እታለማሁ! የአገሩን ደንብ የማታውቅ እንግዳ ይመስል! በእነሱ መንደር አንዲት ሴት «አርግዣለሁ» ብላ በአፏ አታወራም። ነውር ነው፤ ደግሞም ያስፈራል። ገና ያልተወለደን ልጅ በአፍ መጥራት ለሰው ዓይን አሳልፎ መስጠት ነው ይላሉ። ስለዚህ ሆዷ ገፋ ገፋ ማለት ሲጀምር አንቀልባዋን ታወጣለች፤ ቅቤ ትቀባለች፤ መንገድ ዳር ትሰቅላለች። ያየ ያያል። አላፊ አግዳሚው ቀና ብሎ አይቶ በልቡ «እሰይ!» ይላል፤ ወሬው ግን በልቡ አይቀርም።

መጀመሪያ ያየችው የጎረቤቷ የቢሻው ሚስት ናት። ውሃ ቀድታ ስትመለስ አጥሩ ጋ ስትደርስ ጄሪካኑን ከጀርባዋ አውርዳ አስቀመጠችና ዓይኗን ጠራረገች። ከዚያ ጄሪካኑን እዚያው ትታ የእታለማሁ ባል የምንይችል እናት ወዳሉበት በሐይቁ ማዶ ወዳለው ጎጥ ሄደች። ለወሬ ሲሆን እግሯ ቀላል ነው። እታለማሁ ከጓሮ ድንች እየቆፈረች ነበርና ይህን ሁሉ አላየችም።

እታለማሁ የተወለደችው አዲስ ቅዳም አጠገብ ነው። ከእሷ በፊት የተወለዱት ሁለቱ በሕፃንነታቸው ስለ ሞቱባት እናቷ ከዚያ በኋላ የሚወለደውን ልጅ ሁሉ አላመነችውም። ዛሬ ያለው ነገ ላይኖር ይችላል ብላ መጠባበቂያ ወለደች፤ ለመጠባበቂያውም መጠባበቂያ ወለደች። ሞት ግን ወደዚያ ቤት አልተመለሰም። ልጆቹ ሁሉ አደጉ። ሁሉም በሉ፤ ሁሉም ጫማ ፈለጉ፤ ወንዶቹም ትዳር በያዙ ቁጥር አባት ከማሳው ቆርሶ የሚሰጠውን ጉልማ ጠየቁ። አባትዬው ገመድ እየጎተተ መሬቱን ሲቆራርሰው ከርሞ የታናሹ ተራ ሲደርስ በሬ ማዞሪያ እንኳ አልቀረም ነበር።

ልጆቹን እናቷ ትውለዳቸው እንጂ ያዘለቻቸው እታለማሁ ናት። አንዱ ከጀርባዋ ሲወርድ ሌላው ይወጣል። እኩዮቿ ሲጫወቱ እሷ ቆማ ትወዛወዛለች፤ ከተቀመጠች ሕፃኑ ይነቃላ! አምስተኛ ክፍል ላይ አንዱ ታሞ ሲሰነብት «ይህን ዓመት ቅሪ» ተባለች። ቀረች፤ ቀርታም ቀረች። እናቷ ከመሞቷ በፊት አልጋ ላይ ሆና፣ «ሁላችሁም እንደምትኖሩልኝ የሚነግረኝ ሰው ባገኝ ኖሮ አራት ላይ አቆም ነበር» አለቻት። ትንሽ ቆይታም «አንቺማ ከአራቱ ውስጥ ነሽ» ብላ ሳቀች። አንቀልባውን የተወችላት ያን ቀን ነው።

ከዚያ ወዲህ እታለማሁ አንድ ሕልም ይመላለስባታል። በሐይቁ ዳር ዳር በጉም ውስጥ ትሄዳለች፤ ጀርባዋ ላይ አንድ ሕፃን አለ። ይከብዳታል። ፊቱን ለማየት ዞር ስትል እሱም አብሮ ይዞራል። ማን እንደሆነ ሳታውቅ ትነቃና ወገቧን እያሸች ትቀመጣለች። አንዳንድ ቀን ደግሞ፣ ይህን ለማንም አልተናገረችም፣ ሕልሙ ሳይመጣ ሲነጋ ቅር ይላታል።

የባሏ የምንይችል ነገር ደግሞ ሌላ ነው። እናቱ እማማ ውብአየሁ ልጆቻቸውን በኩፍኝም በትኩሳትም እያከታተሉ ቀብረው የተረፈላቸው እሱ ብቻ ነው። ያደገው ዝም ባለ ቤት ውስጥ ነው። ገበጣ ሲጫወት ከዚህ ወገን ጠጠር ዘርቶ፣ ተነሥቶ ዞሮ፣ በዚያ ወገን ይቀመጥና ለራሱ መልስ ይሰጣል። እታለማሁን ሲያጫት «ቤቴን ጩኸት እንድትሞይልኝ ነው» ብሏት ነበር። ያኔ ቀልድ መስሏት ሳቀች።

ልጃቸው ሀይማኖት ከተወለደች በኋላ እታለማሁ የጤና ኤክስቴንሽን ሠራተኛዋን ወርቅአየሁን አማክራ በክንዷ የሚቀበረውን የወሊድ መከላከያ አስቀበረች። ምንይችልም ተስማምቶ ነበር። በዚያው ሰሞን ዲከረንስ የሚሉትን ግራር ማሳቸው ላይ ተክለው ስለነበር «ዛፉ ለከሰል ይድረስና ያኔ ሌላ እንወልዳለን» ተባባሉ። ዛፉ ደረሰ፤ ተቆረጠ፤ ከሰለ፤ ቤቱም ቆርቆሮ ለበሰ። ሌላ ዛፍ ተተከለ። እታለማሁም ጤና ኬላ ሄዳ ክንዷን እንደገና አሠራች። እሱ አልጠየቀም፤ እሷም አልነገረችው። ሁለተኛው ዛፍ ይኸው ደርሶ፣ ምንይችል ከተረተሩ ጀርባ አፈር ለብሶ የሚከስለውን የእንጨት ክምር ሌትና ቀን እየጠበቀ ነው።

እማማ ውብአየሁ ረፋድ ላይ ደረሱ። የገብስ ዱቄትና ቅቤ በነጠላቸው ቋጥረው፣ ትንፋሽ አጥሯቸው፣ ከበሩ ሳይገቡ እልልታውን አቀለጡት። እታለማሁ ከነአፈሯ ከጓሮ ሮጠች።

«ምን ተገኘ እማማ?»

«ምን ተገኘ ትለኛለች እንዴ! እሰይ የኔ ልጅ! እሰይ! ሳላየው ልሞት ነው ስል ሰማኝ!»

አሮጊቷ ጎንበስ ብለው ሆዷን ሳሙት። በአዊኛ መረቁት። እታለማሁ ከትከሻቸው በላይ አጥሩ ላይ ያለውን አንቀልባ አየች፤ ያኔ ገባት። 

«እማማ፣ ይቆዩ እስቲ...»

አልቆዩም። እያለቀሱ ይስቃሉ። በትዳር ዘመኗ ሁሉ እማማ ውብአየሁ ጥርሳቸው ሲታይ ያየችበት ቀን ትዝ አይላትም፤ የፊት ጥርሳቸው መጉደሉን እንኳ ያወቀችው ገና ዛሬ ነው። ይህን ሳቅ በምን አንጀቷ ታቋርጠው! ወንበር ሰጠቻቸው። ውሃ ሰጠቻቸው። 

በዚያች ቅጽበት አንድ ሐሳብ ቀስ ብሎ መጣባት። ነገ ወርቅአየሁ ዘንድ ብትሄድና የተቀበረውን ብታስወጣውስ? ወሩ ትንሽ ቢዛነፍ ማን ይቆጥረዋል? ውሸቱ ራሱ እውነት ይሆናል። ማንም አይከፋም። ልጁን በሐሳቧ አየችው፤ ፀጉሩን፣ የተረከዙን ልስላሴ። ስም ሁሉ ልታወጣለት ምንም አልቀራት። ደግሞስ እጇ ያን አንቀልባ መንገድ ዳር ሲሰቅል እውነት ምንም አያውቅም ነበር? ጓሮም እኮ ፀሐይ አለ። ይህን ስታስብ ራሷን ፈራችው።

የአጥሩ በር ተከፍቶ ምንይችል ገባ። ከጥርሱና ከዓይኑ በቀር ሁለመናው ጥላሸት ነው። ወሬው ተረተሩን ተሻግሮ ደርሶት ኖሯል። የሚከስል ክምር ጥሎ የሚሄድ ሰው የለም፤ አፈሩ በአንድ በኩል ከተናደና ነፋስ ከገባ የዓመታት ዛፍ ዓይን እያየ አመድ ይሆናል። ምንይችል ያን ጥሎ መጣ።  ጥቁር እጆቹን ምን ላይ እንደሚያሳርፋቸው ጠፍቶት ቆሞ ይስቃል።

እታለማሁ ክንዱን ይዛ ወደ አጥሩ ወሰደችው።

«ክምሩን ትተኸው መጣህ?»

«ተውኩት።»

«ምንይችል፣ የለም።»

«ምኑ?»

«ልጅ። አንቀልባው ሻግቶ ነው ያወጣሁት። አላሰብሁትም፤ ሰቀልሁት።»

ሳቁ ወዲያው አልሄደም። ፊቱ ላይ ትንሽ ቆየ፤ የሚሄድበት ያጣ ይመስል። ከዚያ «እሺ» አለ። ዞር አለና ወደ መጣበት ሄደ። «እሺ» ብቻ! ቢቆጣ፣ ቢሳደብ ይሻላት ነበር። ተከተለችው።

ተረተሩ ላይ ሲደርሱ ክምሩ በአንድ ጎኑ ተናዶ ነበልባል ይተፋል። ሁለቱም ሮጡ። እሱ በአካፋ፣ እሷ በእጇ፣ አፈር እየዛቁ፣ እርጥብ ቅጠል እየወረወሩ ታገሉት። ቀሚሷ ጠቆረ፤ ቅንድቡ ተቃጠለ። እሳቱ ተዳፍኖ ጭሱ እንደገና እስኪቀጥን ድረስ አላረፉም። ከክምሩ አንዱ ወገን አመድ ሆኗል። ደክሟቸው ሣሩ ላይ ተቀመጡ። ከታች ሐይቁ ክብ ሆኖ ተኝቷል።

«ላስወጣው አስቤ ነበር» አለች ክንዷን ዳስሳ። «ዛሬ ጠዋት፣ እማማ ሆዴን ሲስሙኝ።»

«ለእናቴ ብለሽ?»

«ላንተም ብዬ።»

«ለራስሽስ?»

እንዲህ ብሎ ጠይቋት አያውቅም።  ከዓመታት በፊት የወረደው ክብደት ሁሉ አንድ በአንድ ተመልሶ ጀርባዋ ላይ የሚወጣ መሰላት፤ እያንዳንዳቸውን በትንፋሻቸው ታውቃቸዋለች።

«ልጅ ጠልቼ አይደለም» አለች። «እኔ እኮ እናት ሆኜ ነው ያደግሁት፣ ምንይችል። ሀይማኖትን ስወልድ ለሰው የመጀመሪያዬ ናት፤ ለጀርባዬ ግን የመጨረሻዬ ነበረች።»

«እኔ ደግሞ ለማንም ወንድም ሳልሆን አደግሁ» አለ እሱ።

ሁለቱም ሐይቁን አዩ። ምንይችል አንድ ጓል አንሥቶ በጣቶቹ አደቀቀው።

«የኔን ብቸኝነት አንቺ ማዘል የለብሽም» አለ በመጨረሻ። እታለማሁ ያን ጊዜ አለቀሰች። ይህን ቃል ትጠብቅ እንደነበር እንኳ አታውቅም ነበር። እሱም በጥላሸት እጁ እንባዋን ሊጠርግ ሞክሮ ፊቷን ይብሱን አጠቆረው።

«ለእናቴስ ማን ይንገራት?» አለ።

«እኔ።»

ወደ ቤት ሲመለሱ ሀይማኖት ከትምህርት ቤት መጥታ ነበር። ደጃፉ ላይ ከአያቷ ጎን ተቀምጣ መጽሐፏን ጮክ ብላ ታነባለች፤ አንዲት ፊደል የማያውቁት እማማ ውብአየሁ በየቃሉ ራሳቸውን ይነቀንቃሉ። ሁለቱን ከሰል መስለው ሲያዩዋቸው ደነገጡ። እታለማሁ ፊታቸው ተንበረከከች።

«እማማ፣ ልጅ የለም። አንቀልባውን ያወጣሁት ሻግቶብኝ ነው። ጥፋቱ የኔ ነው፤ ጠዋት ልነግርዎ አቃተኝ።»

አሮጊቷ የታጠፈውን ነጠላቸውን ዘረጉት፤ መልሰው አጠፉት።

«ለአሁን ነው ወይስ ለሁልጊዜው?»

እታለማሁ ልጇን አየቻት። ሀይማኖት ማንበቧን አቁማ ጣቷን መስመሩ ላይ እንዳደረገች ትጠብቃለች።

«ለሁልጊዜው፣ እማማ። ይቺን ብቻ ነው።» ቃሉን እሷም ገና አሁን ከራሷ አፍ መስማቷ ነው። ምንይችል ከኋላዋ ቆሞ ነበር፤ አንድም ነገር አልጨመረም፤ አንድም አልቀነሰም።

«አንድ!» አሉ እማማ ውብአየሁ። «እኔ አንድ የቀረኝ ዕለት ትንፋሹን ሳዳምጥ ነው ያደርሁት። በማግሥቱም እንደዚያው። እስቲ ጠይቂው፤ ጢም አብቅሎ እንኳ ሳዳምጠው ነበር። አንድ ልጅ ያላት ሴት አትተኛም። አንቺ ትተኛለሽ?»

«እተኛለሁ፣ እማማ።»

«እውነት ትተኛለሽ?»

«እውነት።»

አሮጊቷ ትክ ብለው አዩዋት። እንደማያምኗት፣ እንደሚቀኑባትም ሆኑ። ከዚያ ጉልበታቸውን ይዘው ተነሡ፤ ነጠላቸውን አጣፍተው ወደ አጥሩ በር አመሩ። ምንይችል ተከተላቸው።

«እማዬ፣ ተቀይመሽ ነው? ወዴት ነው?»

«ወደ ቤቴ። የምተኛበትን ቁርበቴን ላመጣ።»

«ቁርበት ምን ያደርግልሻል?»

«እናቷ ከተኛች የሚነቃላት ሰው ያስፈልጋታላ!» አሉ፣ ሳይዞሩ። «እንግዲህ ይቺ እስክታድግ መሞት አልችልም።»