ሠላሳ እርምጃ ባዶ መሬት

የእማማ ሂኔራው ቤት ከወንዙ በላይ ነው፤ ከእኔ ቤት የሚለየው አንድ የእንጨት አጥር ብቻ ነው። አርባ ዓመት ሙሉ በመሰብሰቢያ ግቢያችን በር ላይ እንግዳ የሚጠሩት እሳቸው ነበሩ። እኛ ማኦሪዎች ሳንጠራ አንገባም። ለሠርግም ይሁን ለለቅሶ የመጣ ሰው ከበሩ ውጭ ቆሞ ይጠብቃል። ከውስጥ አንዲት ሴት ድምፅዋን ከፍ አድርጋ ትጠራዋለች፤ ከእንግዶቹ መካከል ደግሞ ሌላዋ ትመልሳለች። ሁለቱ ድምፆች ሜዳው መሀል ሲገናኙ የሞቱብን ዘመዶችም አብረውን ይገባሉ።

ለሂኔራው የምትመልሰው ብዙ ጊዜ ታናሽ እህታቸው ፓሬሁያ ነበረች፤ ማዶ መንደር አግብታ ስለነበር ወደ እኛ ስትመጣ እንግዳ ነበረች። ከአራት ዓመት በፊት አረፈች። በቀብሯ ቀን ልጇ ቲያሁያ በእናቷ ቦታ ቆማ መጣራት ጀመረችና መሀል ላይ ድምፅዋ ተሰበረ። አፏን ይዛ ሮጠች። ከዚያ ወዲህ አንድም ቀን አልተጣራችም። ጥሪውን የተማረች ሌላ ሴት ደግሞ የለችም።

ሂኔራው ባላቸው ከሞቱባቸው ቆይቷል፤ ልጅም የላቸውም። ማለዳ ልብስ ሲያሰጡ እሰማቸዋለሁ። አንድ አንሶላ ሰቅለው በቀስታ ይጣራሉ፤ ከዚያ ዝም ይላሉ፤ እህታቸው ለመመለስ ይወስድባት የነበረውን ያህል ይጠብቃሉ። ከዚያ ሌላውን አንሶላ ያነሳሉ። እኔ ወንድ ነኝና መመለስ አልችልም። የማውቀው ጸሎት ብቻ ነው፤ እሱንም በልቤ አደርሳለሁ።

ከተማው ለሕዝባችን ክብር አደባባይ ሊሠራ ሲነሳ ንድፉ ለቲያሁያ ተሰጠ፤ ሙያዋ ነው። ወደ መጨረሻው ስብሰባ ሂኔራውን በመኪናዬ ወሰድኳቸው። ሥዕሉ ግድግዳው ላይ ተለጥፏል። ቀራጺዎቹ ስለ ምሰሶው፣ ሸማኔዎቹ ስለ ጥለቱ ተናግረው ሲጨርሱ ሂኔራው ተነሱና ሥዕሉ ላይ ከአደባባዩ በር አጠገብ ያለውን ሰማያዊ ክብ በጣታቸው ነኩ።

«ይሄ ምንድን ነው?»

«ፏፏቴ ነው እማማ» አላቸው መሐንዲሱ ኮሊን። «ቀኑን ሙሉ ይፈስሳል። ድምፁ ደስ ይላል።»

«ለእሱ ደስ ይበለው። እኔ ስጣራ ማን ሊሰማኝ ነው?»

«ግድ የለም፣ ማይክሮፎን እናስገባለን።»

«አያቴን በማይክሮፎን ልጥራት? በሕይወት እያለች ሬዲዮ እንኳ አትወድም ነበር!»

አዳራሹ በሳቅ ሞላ። ኮሊንም ሳቀ፤ ክፉ ሰው አይደለም።

«እና ምን እናድርግበት?»

«ምንም። ከበሩ እስከ መቀመጫው ሠላሳ እርምጃ ባዶ መሬት ተዉልን።»

«ባዶ ብቻ? ሰው ምን ሊያይ ይመጣል?»

«ሊያይ ማን አለው፤ ሊገባ ይምጣ።»

ቲያሁያ እርሳሷን አነሳችና ሰማያዊውን ክብ ሰረዘችው። ስንወጣ ተከትላን መጣች።

«አክስቴ፣ ይኸው ባዶውን ሰጠሁሽ።»

«ሰጠሽኝ። ማን ሊጣራበት?»

«አንቺ ነሻ።»

«ስሞትስ?»

«ዛሬማ አትሞቺም።»

«ዛሬ ስብሰባ ነበረብኝ። ነገ ግን ሥራ የለኝም።»

ቲያሁያ አልሳቀችም። መኪናው ውስጥ ሂኔራውም አልሳቁም። እስከ ቤታቸው ድረስ በመስኮት ወንዙን ሲያዩ ሄዱ።

በአደባባዩ ምረቃ ዕለት ሂኔራው ከሰው ሁሉ ቀድመው ውስጥ እንዲገኙ ታስቦ ነበር። ዋናው መንገድ ተዘግቶ ስለጠበቀኝ በዙሪያ ሄጄ፣ ዘግይቼ በሩ ፊት አወረድኳቸው። ያን ጊዜ ነው ጉዱን ያየነው። ሰው ሁሉ ውጭ ቆሟል። ከወንዙ ላይኛው በኩል የመጡት እንግዳ ተቀባዩ የከተማው ሰው ነው ብለው፣ የእኛ መንደር ሰዎች እንግዳ ተቀባዩ ማዘጋጃ ቤቱ ነው ብለው ጥሪ ይጠብቃሉ። ከንቲባው ደግሞ ዓመት ሙሉ «ሳትጠራ እንዳትገባ» እያልን ስላስተማርነው ከሁሉም ኋላ ቆሟል። ውስጥ እንግዳ የሚቀበል የለም።

ሂኔራውም አሁን ከእንግዶቹ ጋር ሆነዋል፤ ሳይጠሩ መግባት አይችሉም።

«እማማ፣ በጎን በር ላስገባዎት?» አለ ኮሊን በሹክሹክታ።

«በጎን የሚገባ ድመት ነው።»

ጥቁር ቀሚሳቸውን ለብሰው፣ ራሳቸው ላይ የቅጠል ጉንጉን አድርገው ቆሙ። ቆይተው ወደ እኔ ዘንበል አሉና «አርባ ዓመት ሰው ጠራሁ፤ እኔን የሚጠራ ጠፋ» አሉኝ።

ውስጥ የነበረችው ቲያሁያ ብቻ ናት። ከማለዳ ጀምራ የመቀመጫውን ድንጋይ ስትወለውል ነበር። ቀና ብላ አየችን። ባልዲውን አስቀመጠች፤ እጇን ሱሪዋ ላይ ጠረገች። ከዚያ መጣራት ጀመረች።

ድምፅዋ ቀጭን ነበር። መሀል ላይ፣ እናቷ ቀብር ላይ በተሰበረበት ቦታ፣ ደግሞ ተሰበረ። ሰው አንገቱን ደፋ። ሂኔራው ግን አልጠበቁም፤ ከተሰበረበት ተቀብለው መለሱ። የመለሱት ፓሬሁያ ትመልሰው በነበረው ቃል ነው። ቲያሁያ ትንፋሿን ሰብስባ እንደገና ጠራች፤ በዚህኛው ጨረሰችው። ሂኔራው ሠላሳውን እርምጃ ቀስ ብለው ሄዱ፤ እኛም ተከተልናቸው። እሳቸውና ቲያሁያ በእኛ ሰላምታ አፍንጫና ግንባራቸውን አገናኝተው ብዙ ቆዩ።

«ዘገየሽ አክስቴ።»

«ፏፏቴውን አጥቼ ነዋ! መንገዱ ጠፋብኝ።»

አሁን ቲያሁያ ሐሙስ ሐሙስ ልትማር ትመጣለች። በዚያ ቀን ከአጥሩ ወዲያ ሁለት ድምፅ እሰማለሁ፤ ስለ ሐሙስ እግዚአብሔርን አመሰግነዋለሁ። በቀሩት ስድስት ቀናት ሂኔራው እንደ ድሮው አንሶላቸውን ሰቅለው ይጣራሉ፤ ዝም ብለውም ይጠብቃሉ።