ጋሼ ባሮ ውስጥ የወደቁ ዕለት

ታንኳው ላይ ሦስት ነበርን። ከኋላ መቅዘፊያውን የያዘችው የቢሮ ባልደረባዬ፣ መሐል ላይ አለቃችን፣ ከፊት ደግሞ እኔ። ጋምቤላ ክልል ከሆነ ገና ብዙ አልቆየም፤ የትምህርት ቢሯችን ወንበር እንኳ አልተሟላለትም ነበር። በአኙዋ ቋንቋ የተዘጋጁትን የአንደኛ ክፍል መጻሕፍት በኢታንግ አቅጣጫ ላለች አንዲት የወንዝ ዳር መንደር አስረክበን፣ ቅዳሜ ከሰዓት በኋላ ባዶ ታንኳ ይዘን ወደ ከተማ እየተመለስን ነበር። መንገዱን ክረምቱ ስለዘጋው ከባሮ ሌላ መሄጃ አልነበረንም።

ባልደረባዬ እዚያው ወንዝ ዳር ያደገች መምህርት ናት። አማርኛን የተማረችው ትምህርት ቤት ስለሆነ ለታላቁም ለታናሹም አንድ ዓይነት ነው የምትናገረው። አለቃችንን ሁላችንም ጋሼ እንላቸዋለን፤ እሷም ጋሼ ትላቸውና "ና ብላ" ትላቸዋለች። ጋሼ የደጋ ሰው ናቸው፤ ሌላ ሰው ቢሆን ይቆጡ ነበር፣ እሷን ግን ይስቁላታል።

ነፋሱ ከኋላችን፣ ከምዕራብ በኩል ይነፍሳል። ባልደረባዬ ከስደተኞች ሠፈር የተገዛ የፕላስቲክ ሸራ በሁለት እንጨት ላይ ወጥራ ከፊቴ አቆመችውና የታችኛውን ጫፍ የሚይዘውን ገመድ ሰጠችኝ።

"ያዢ። ስልሽ ትለቂያለሽ። ሌላ ሥራ የለሽም።"

ሳልናገር የምሠራው ሥራ ሁልጊዜ ደስ ይለኛል። ዩኒቨርሲቲ ስማር እጄን አውጥቼ የጠየቅሁበትን ቀን አላስታውስም። ስብሰባ ላይ ድምፄ ከአጠገቤ ከተቀመጠው ሰው አያልፍም። እናም ገመዱን እጄ ላይ ጠምጥሜ ዝም ብዬ ተቀመጥሁ። ሸራው ተነፋ፣ ታንኳውም ወራጁን እየሰነጠቀ ሽቅብ ሄደ። ጋሼ ነፋሱ ስለበረዳቸው ጋቢያቸውን ደርበው ተከናነቡ።

መንደሩን ጨርሰን ልናልፍ ስንል ከፍ ካለው ዳርቻ አንድ ሽማግሌ ድምፃቸውን አሰሙ። ለትምህርት ቤቱ ቦታውን ያሰጡት ሰው ናቸው። ጋሼ ሳይሰናበቷቸው መነሣታቸው ታንኳው ላይ ከወጡ ጀምሮ ሲከነክናቸው ነበር። ሽማግሌው ዘንጋቸውን ወደ ላይ አንሥተው ሰላም አሉን።

በአገራችን ለታላቅ ሰው ተቀምጦ ሰላምታ አይሰጥም። ጋሼ ይህን ለማሰብ እንኳ ጊዜ አልወሰዱም፤ ብድግ አሉ። ጋቢያቸውን ሰብሰብ አድርገው እጅ ሊነሡ ጎንበስ ሲሉ ታንኳው ከሥራቸው ሸሸ።

ውኃው ሲቀበላቸው ብዙም ድምፅ አልነበረውም።

እኔም ልይዛቸው ወደዚያው ጎን ተወረወርሁ። ውኃው ጠርዙን አልፎ ጭኔ ላይ ፈሰሰ።

"ተቀመጪ! መሐል!" ባልደረባዬ ጮኸች። "ገመድ ልቀቂ!"

ገመዱ እጄ ላይ ተጠምጥሞ ነበር። ስፈታው ቆዳዬን ልጦት ወጣ። ሸራው ተርገብግቦ ወደቀ። ያኔ ዞር ስል ጋሼ ሩቅ ናቸው። እኛን ነፋሱ ሽቅብ ሲወስደን እሳቸውን ወንዙ ቁልቁል ይዟቸው ሄዷል። ራሳቸው ይታያል፣ ይጠፋል።

"ጀሪካኑን ወርውሪ!"

የምንጠጣውን ውኃ የጨረስንበት ቢጫ ጀሪካን ነበር። ክዳኑን አጥብቄ በሙሉ ኃይሌ ወረወርሁት። ነፋሱ ወደ እኔ ሊመልሰው ቢሞክርም ወራጁ ይዞት ወረደ፤ ጋሼም ሲንደፋደፉ እጃቸው አገኘው።

"አሁን እሱን ብቻ እዪ። በጣት አሳዪኝ። እኔ ታንኳ ሳዞር አላየውም።"

ታንኳው ሲዞር እኔም አብሬ ዞርሁ፤ ጣቴ ግን ከጋሼ አልተነሣም። "እዚያ! ወደ ግራ! አሁንም ወደ ግራ!" እያልሁ እንደጮኽሁ ያወቅሁት ጉሮሮዬ ሲደርቅ ነው። መዋኘት አልችልም። ባሮ ውስጥ ምን ዓይነት አውሬ አድፍጦ እንደሚኖርም አውቃለሁ። ስሙን ላነሣ አፌን ስከፍት ባልደረባዬ ከኋላ "ስሙን አሁን አትጥሪ" አለችኝ። አልጠራሁትም። ጋሼን ሳልይዝ እንደማልመለስ ብቻ ለራሴ ነገርሁት።

መጀመሪያ ስንደርስባቸው ጋሼ ጀሪካኑን ትተው የታንኳውን ጎን አነቁ። ታንኳው አዘነበለ፤ ውኃ ገባ። ባልደረባዬ ጠርዙን በያዘው እጃቸው ላይ መቅዘፊያውን አሳርፋ ገፋቻቸው።

"ምን ሆነሻል? ልትገያቸው ነው?" አልኋት።

"በጎን ከወጣ ሦስታችንም እንገባለን! ጋሼ፣ ጀሪካን ያዝ! እንመጣለን!"

ጋሼ ያዩንን አስተያየት ልገልጸው አልችልም። ግን ጀሪካኑን መልሰው አቀፉት።

በሁለተኛው ዙር ቀስ አድርጋ፣ የታንኳውን አፍ ወደ ነፋሱ መልሳ አቀረበችኝ። በሆዴ ተኛሁና ሁለቱንም እጆቼን ዘረጋሁ። ቀኝ አንጓቸውን ያዝሁ። ከብደዋል፤ ጋቢው እግራቸው ላይ ተጠምጥሞ ወደ ታች ይጎትታቸዋል። በሌላው እጃቸው ደግሞ ጫፉን ጨብጠዋል።

"ጋሼ፣ ጋቢውን ይልቀቁት።"

"የእናቴ እጅ ነው" አሉ፤ ውኃ እየተፉ። "እናቴ ናት የፈተለችው።"

"ይልቀቁት እኮ ነው የምልዎት!"

ያ ድምፅ ከእኔ ወጣ። ከዳርቻው ተመልሶ ጆሮዬ ውስጥ ገባ። ጋሼ እንደ ተቆጡት ልጅ ዓይናቸውን ጨፍነው ጣቶቻቸውን ከፈቱ። ጋቢው ተዘርግቶ ትንሽ ተንሳፈፈ፤ ከዚያ ጠቆረና ሰመጠ።

"እግርህን ምታ፣ ጋሼ! እንደ እንቁራሪት!" አለች ባልደረባዬ፤ የኋሊት እየቀዘፈች።

"እንቁራሪት... አልሆንም" አሉ ጋሼ።

"ዛሬ ሁን!"

ላወጣቸው አቅም አልነበረኝም፤ አለመልቀቅ ግን እችል ነበር። ሁለቱንም አንጓቸውን ይዤ ደረቴን እንጨቱ ላይ አጣበቅሁ። ገመዱ የላጠው መዳፌ ይቃጠላል። ክንዴ ደንዝዞ የማን እጅ የቱ እንደሆነ መለየት ሲያቅተኝ በጥርሴ የኮታቸውን እጅጌ ነከስሁ። ሽማግሌው ዳርቻውን ይዘው ሲሮጡ ቆይተው እስከ ጉልበታቸው ውኃ ውስጥ ገብተው ቆሙና በዘንጋቸው ጠሩን። እሳቸው የቆሙበት ቦታ ጥልቀት የለውም፤ ሌላም የሚያሰጋ ነገር የለውም ማለት ነው። ባልደረባዬ ወደዚያው ቀዘፈች። የጋሼ እግር አሸዋ ሲነካ በእጃቸው በኩል ተሰማኝ፤ አሁንም ግን አልለቀቅኋቸውም። ሽማግሌው መጥተው ጣቶቼን አንድ በአንድ አላቀቋቸው።

ጋሼን በጎናቸው አስተኛናቸው። ብዙ ውኃ አወጡ። መተንፈስ ቻሉ፤ ነገር ግን በእያንዳንዱ ትንፋሽ ደረታቸው ውስጥ የሚያንቧቅቅ ነገር ነበር። ሽማግሌው እዚያው እንድናድር አሳሰቡን።  እኔ የደረታቸውን ድምፅ አዳመጥሁና "ሆስፒታል ማድረስ አለብን፤ ዛሬውኑ" አልሁ። ሁሉም ዞረው አዩኝ።

"ታንኳ ላይ? ሞቼ ነው?" አሉ ጋሼ። "በእግሬ እሄዳለሁ።"

"መንገዱ ውኃ ይዞታል፣ ጋሼ።"

"እንግዲያው እዚሁ ልሙት።"

"እዚህ እንዲሞቱማ አይደለም ያን ያህል የጎተትንዎት። ይነሡ።"

ጥቂት አዩኝ። ከዚያ ክንዳቸውን ሰጡኝ። የታንኳው ወለል ላይ፣ በገባው ውኃ መሐል፣ እግራቸውን ዘርግተው ተቀመጡ። ሽማግሌው የራሳቸውን ኩታ አውልቀው ደረቡላቸው። ሸራውን መልሰን አቆምን፤ ገመዱን በዚያችው በተላጠች እጄ ያዝሁ፤ አሁን ግን ሳልጠመጥም።

ፀሐይ ልትጠልቅ ስትል የከተማው ድልድይ ታየን። የጋሼን መኖር የማረጋግጠው የሚያስሉ ጊዜ ብቻ ነበር። እዚያ ስንደርስ ከኋላዬ ተናገሩ።

"ነገ ቢሮ አልገባም። ንገሩልኝ።"

"ነገ እኮ እሑድ ነው፣ ጋሼ" አልኋቸው።

"ይሁን። ቢሆንም አልገባም።"

ባልደረባዬ መቅዘፍ እስኪያቅታት ሳቀች። እኔም ሳቅሁ፤ ሳቄ መሐል ላይ ወደ ልቅሶ ሄደ፤ ገመዱን ግን አልለቀቅሁም፣ ሆስፒታሉ ገና ዳገቱ ላይ ነበርና።