ድምፅ ያልነበራት ካሜራ

አባቴ የካሜራዬን ድምፅ ይቆጥር ነበር።

ሸማኔ ነው። ሽሮ ሜዳ፣ ከአስፋልቱ ወደ እንጦጦ ከፍ ብሎ፣ ከቤታችን ጓሮ ባለች የቆርቆሮ ክፍል ውስጥ እግሩን የሽመናው ጉድጓድ ውስጥ ከትቶ ሲሠራ እያየሁ ነው ያደግሁት። እኔ ደግሞ ፎቶ አንሺ ነኝ። የሠርግ አይደለሁም፤ የልብስ ነኝ። ሱቆቹ ነጠላውንና ቀሚሱን በስልክ ለደንበኞቻቸው ስለሚልኩ፣ ቀለሙን ሳያበላሽ የሚያነሳላቸው ሰው ይፈልጋሉ። የአባቴንም ሥራ የማነሳው እኔ ነበርኩ። አንድ ልብስ፣ አንድ ፎቶ፤ ያውም ታጥፎ፣ ከጥለቱ ጫፉ ብቻ እየታየ። ሕጉ የእሱ ነው። ካሜራዬ "ቀጭ" ስትል "አንድ" ይላል። ሁለተኛ "ቀጭ" ከሰማ መወርወሪያውን ያቆምና "ምነው?" ይለኛል።

አዲስ ጥለት ያወጣ ሸማኔ ልብሱ ገበያ እስኪወጣ ድረስ ለማንም አያሳይም። ሰፈራችን ውስጥ ዐይኑን አንዴ ጣል አድርጎ፣ ቤቱ ገብቶ ያንኑ የሚደግም ሸማኔ ሞልቷል። አባቴም በወጣትነቱ አድርጎታል፤ ሲያወራው ይስቃል። ስለዚህ ኮቴ ሲሰማ አሮጌ ጋቢ ጎትቶ ሥራውን ይሸፍናል። ጎረቤት ሲመጣ ይሸፍናል፤ የገዛ ወንድሙም ሲመጣ ይሸፍናል። ለእኔ ሸፍኖ አያውቅም። ኮቴዬን ገና ከግቢው በር ይለየዋል። "ግቢ ልጄ" ይልና እጁን ሳያቆም ይቀጥላል።

ካሜራዬ ዲኤስኤልአር የሚሏት ዓይነት ናት፤ ትልቅ፣ ጥቁር፣ ከእኔ በፊት ሌላ ሰው የሠራባት። ውስጧ መስታወት አላት። ስታነሳ መስታወቱ ብድግ ብሎ ይመለሳል፤ አባቴ የሚቆጥረው ድምፅ የእሱ ነው። ባለፈው ክረምት መግቢያ ላይ አንዳንዴ ግማሹን ፎቶ ጥቁር አድርጋ ማውጣት ጀመረች። ፒያሳ ያለ ጠጋኝ ጋ ወሰድኳት። ከፍቶ አያት፣ እፍ እፍ አለባት፣ መልሶ ዘጋት። "ሸተሯ፣ ብርሃን የሚያስገባው መጋረጃዋ፣ ደክሟል። ዛሬ ትሠራለች፣ ነገም ትሠራ ይሆናል። ከዚያ በኋላ እኔን እንዳትጠይቂኝ" አለኝ።

በዚያው ሰሞን አባቴ ክር ለመለየት ወደ በሩ እየወጣ ማየት ጀምሮ ነበር። የዐይን ሞራ ነው አሉት፤ ጳውሎስ ሆስፒታል ለኦፕራሲዮን ቀጠሮ ተያዘለት፣ እሱ ግን ወደ ጥር አስገፋው። ምክንያቱ አዲሱ ጥለት ነው። ጋሞ ተራራ ላይ የተወለደበት ቤት ግድግዳው የተጎነጎነ ቀርከሃ ነበር፤ ያንን ጉንጉን ልብስ ላይ ለማውጣት ስንት ዓመት ሲያስብ ኖሯል። በጫፋቸው የቆሙ ትናንሽ አራት ማዕዘኖች፣ ዳራቸው ጥቁር፣ መሐላቸው አረንጓዴ፣ አንዱ ባንዱ ውስጥ እየገባ የሚሄድ። ክረምቱን ሙሉ ሠርቶ ሳጥን ውስጥ ሊያጠራቅም፣ ለጥምቀትና ለጥር ሠርግ በአንዴ ሊያወጣው ነበር ሐሳቡ።

"ይሄ ከወጣልኝ ዐይኔን አሠርቼ አርፋለሁ" አለኝ።

"ካልወጣልህስ አባዬ?"

"ለምን አይወጣም?" አለ፤ ጥያቄው ራሱ ገርሞት።

ሐምሌ ውስጥ አንድ የማላውቀው ሰውዬ መጣ። ከምሠራላቸው ሱቆች ባንዱ ቆሞ ፎቶዎቼን በስልክ ሲያይ አገኘሁት። ረጋ ያለ፣ ድምፁን ከፍ የማያደርግ ሰው ነው። በዚያ ጭቃ ጫማው ላይ ጠብታ አልነበረም። ያኔ ይሄን ለጨዋነቱ ቆጠርኩለት፤ ሞኝነቴን ማሳመር አልፈልግም። በማግስቱ ጳውሎስ አካባቢ ካፌ ቀጠረኝ። የሐኪም ካርድ የያዙ በሽተኞች መሐል ተቀምጠን፣ ከኪሱ ትንሽ ካሜራ አውጥቶ ማኪያቶዬ አጠገብ አስቀመጠ። ሚረርለስ ናት፤ መስታወት የላትም።

"የያዝሻት አርጅታለች" አለኝ። "ይቺን ውሰጂ። ሁለቱንም ይዘሽ ሞክሪና ምረጪ። የምፈልገውን ፎቶ ካመጣሽልኝ ላንቺ ትቀራለች።"

"ምን ዓይነት ፎቶ?"

"ገበያ ያልወጣ ጥለት። ተዘርግቶ፣ ከላይ ቀጥ ብሎ የተነሳ፣ ጥላ የሌለበት። ውጭ አገር ላሉ ደንበኞች ነው።" ማኪያቶውን አማሰለ። "ከጎኑ ደግሞ ማስመሪያ አድርጊበት።"

"ማስመሪያ ለምን?"

"ደንበኛ ልኩን ማወቅ ይፈልጋል፤ በቃ።"

ልብስ የሚገዛ ሰው የነጠላውን ርዝመት ይጠይቃል እንጂ የአንዲት ጌጥ ስፋት ምን ያደርግለታል? ይህን እዚያው ወንበር ላይ አስቤዋለሁ፤ በኋላ የመጣልኝ ሐሳብ አይደለም። ግን ካሜራዋ መዳፌ ውስጥ ገብታ ነበር፤ ቀላል ነበረች። ለሐሳቤ ጆሮ ዳባ ልበስ አልኩት።

ሁለት ሳምንት ሁለቱን ይዤ ዞርኩ። ለራሴ የምለው ካሜራ እየመረጥኩ ነው። እውነትም እየመረጥኩ ነበር፤ አሮጌዋ አንገቴን ታሳምመኛለች፣ ግን ጠዋት ባትሪ ሞልቼላት እስከ ማታ አትለምነኝም። ትንሿ ከምሳ በፊት ባትሪዋ ያልቃል፤ መብራት በጠፋ ቀን ሥራ ፈት ታደርገኛለች። አባቴ ክፍል ውስጥ ሌንስ ስቀይርባት የጥጥ ብናኝ ውስጧ ገብቶ ሁለት ቀን ነጠብጣብ ፎቶ አወጣችልኝ። በአሮጌዋ ቀዳዳ የማየው ልብሱን ራሱን ነው፤ በትንሿ የማየው ስክሪን ነው። ይህን ሁሉ ደብተር ላይ ጻፍኩ። አሮጌዋ እያሸነፈች ነበር።

ነገር ግን ክረምት ነው። ከእንጦጦ የሚወርደው ጉም ቀትር ላይ ሳይቀር ቤቱን ያጨልመዋል፤ በዚያ ጨለማ አሮጌዋ አሸዋ የተበተነበት የሚመስል ፎቶ ታወጣለች። ትንሿ ዐይኔ የማያየውን ታያለች። ድምፅም የላትም። አንድ ቀን አባቴ እየሠራ፣ ሁለት እርምጃ ርቄ፣ ጀርባውን ደጋግሜ አነሳሁት። ቀና አላለም። "አንድ"ም አላለም። ደስ አለኝ። በጣም ደስ አለኝ፤ እንዲህ ያለ ደስታ በሰው ላይ ሲሆን ምን እንደሚባል አሁን አውቃለሁ።

ነሐሴ ውስጥ የመጀመሪያው ልብስ አለቀ። ዝናቡ አባርቶ ነበር፤ ከቆርቆሮው ጠርዝ የሚንጠባጠበው ውኃ ይሰማል። አባቴ ለሚቀጥለው ልብስ ድር እያስተካከለ፣ ፊቱን ወደ በሩ ብርሃን አዙሯል።

"አባዬ፣ ላንሳው?"

"አንሺው።"

አጥፌ በአሮጌዋ አነሳሁት። ቀጭ።

"አንድ" አለ አባቴ።

ከዚያ ከኋላው፣ ሰሌኑ ላይ፣ ልብሱን ዘረጋሁት። ማስመሪያውን ከጥለቱ ጎን አስቀመጥኩ። አባቴ ስለ ቀርከሃው ግድግዳ ያወራልኛል፤ ልጅ ሆኖ ጣቱን በጉንጉኑ መሐል ከቶ አልወጣ ብሎት እንዴት እንዳለቀሰ፣ እናቱም እየሳቀች በቅቤ እንዳወጣችለት። "እ" እያልኩ አነሳለሁ። "ከዚያስ?" እያልኩ አነሳለሁ። ሠላሳ አንድ ጊዜ አነሳሁት። ሲጨርስ እኔም ጨርሼ ልብሱን መልሼ አጥፌው ነበር።

ማታ ስክሪኑ ላይ አሰፋሁት። ከትናንሾቹ አራት ማዕዘኖች አንዱ መሐሉ ቀይ ነው። ሌላው ሁሉ አረንጓዴ፣ እሱ ብቻ ቀይ። አባቴ በሕይወቱ ቀለም ተሳስቶ አያውቅም፤ ዐይኑ የት እንደደረሰ የገባኝ ያኔ ነው። ልንገረው ብዬ ተነሳሁ፣ ተመልሼም ተቀመጥኩ። ታጥፎ አንድ ፎቶ ብቻ የተነሳ ልብስ ላይ ይህን እንዴት አየሽው ቢለኝ ምን እመልሳለሁ? ፎቶዎቹን ለሰውዬው ላክኋቸው። ሰውዬው "በጣም ንጹሕ ሥራ፤ ካሜራዋ ያንቺ ናት" ብሎ መለሰልኝ። ከሳምንት በኋላ ስደውልለት ስልኩ አይሠራም።

መስከረም ገባ። ዘመዶቻችን ለመስቀል ወደ አገር ቤት ሲወጡ አባቴ አልሄደም፤ በሕይወቱ የቀረው ያኔ ብቻ ነው። ሳጥኑ እየሞላ ነበር። ሌሎቹን ልብሶች በሰበብ እየገለጥኩ አየኋቸው፤ ቀዩ የመጀመሪያው ላይ ብቻ ነው። እንዳጋጣሚ ነው፣ አለፈ፣ ብዬ ራሴን አረጋጋሁ። ያም ሆኖ ሱቆቹ ጋ ለሥራ ስሄድ ከሁሉ በፊት የተሰቀለውን ልብስ አያለሁ። ምን እንደምፈልግ አውቅ ነበር። ጥቅምት አለፈ፣ ኅዳርም አለፈ።

ታኅሣሥ ውስጥ አገኘሁት። በጥቅል የገባ፣ በማሽን የታተመ ጨርቅ፣ ከሱቁ ጣሪያ እስከ መሬት ተለቆ። ጥቁር ዳር፣ አረንጓዴ መሐል፣ አንዱ ባንዱ ውስጥ እየገባ የሚሄድ። በየክንዱ ደግሞ አንድ ቀይ። ማሽኑ ስህተት መሆኑን በምን ይወቅ? እንዳየው አትሞታል። ዐይኔን ወደ ላይ ሳነሳ ቀይ፣ ወደ ታች ሳወርድ ቀይ። ባለ ሱቋ "ዘንድሮ ይሄ ነው የሚሄደው፤ ጥሩ አድርገሽ አንሺልኝ" አለችኝ። አነሳሁላት። ሌላ ምን አደርጋለሁ?

ለአባቴ ልነግረው ሦስት ቀን ቃል ሳዘጋጅ ከረምኩ። ቀደመኝ። ከሳጥኑ ልብሶች ሁለቱን ይዞ ገበያ ወጥቶ፣ ሁለቱንም እንደያዘ ተመለሰ። "ይሄማ ገብቶልናል ጋሼ" ብለው ከጥቅሉ ቁራጭ ቆርጠው ሰጥተውታል። ከጉድጓዱ አጠገብ ተቀምጦ ጠራኝ።

"ነይ እስቲ፣ ዐይንሽን አውሺኝ።"

አጠገቡ ተቀመጥኩ። ጣቱን ቁራጩ ላይ ወዲያና ወዲህ አስኬደ። "ልሙጥ ነው። ክር የለውም" አለ። ከዚያ ወደ በሩ ብርሃን አስጠጋው። "ይቺ ምንድን ናት? ትለያለች መሰለኝ።"

"ቀይ ናት።"

ተነሳ፣ ሳጥኑን ከፈተ፣ ከሥር ከሥሩ ፈልጎ የመጀመሪያውን ልብስ አወጣ። ጭኑ ላይ ዘርግቶ ማዕዘኖቹን ከጫፍ ጀምሮ በጥፍሩ ቆጠረ። ቁራጩ ላይም ቆጠረ። ያው ቦታ ላይ ጣቱን አቆመ።

"ይሄስ?"

"እሱም ቀይ ነው፣ አባዬ።"

"ተሳስቻለሁ ማለት ነው።" ይህን ያለው ለራሱ ነው። ቆይቶ "ይሄ ልብስ ከዚህ ቤት ወጥቶ አያውቅም" አለ። ወደ እኔ ዞረ፤ ሞራው ምን ያህል እንደሚያሳየው እንጃ፣ ግን ፊቴን ይፈልግ ነበር። "አንድ ነው ያነሳሽው። ታጥፎ። ቆጥሬያለሁ።"

"ሠላሳ ሁለት ነው።"

"አልሰማሁም" አለ። እጁን አንስቶ ቀኝ ጆሮውን ነካ፣ ቀጥሎ ግራውን። "እሱም እየሄደ ነው እንዴ?"

መጮህ፣ መርገም፣ ቁራጩን ፊቴ ላይ መወርወር ይችል ነበር። እሱ ግን ጆሮውን ነው የፈራው።

"ጆሮህ ደህና ነው፣ አባዬ። ካሜራዋ ድምፅ የላትም። እያወራኸኝ ነው ያነሳሁት።"

ከዚያ ልብሱን በመስመሩ አጠፈው፣ ወደ ሳጥኑ መለሰው፣ ሳጥኑንም ዘጋው። ከሰዓት በኋላ እግሩን ጉድጓዱ ውስጥ ሲያስገባ አየሁት፤ ተራ፣ ጥለት የሌለው ጋቢ ጀመረ። የጳውሎሱ ቀጠሮ እንደገና ተገፋ።

ትንሿን ካሜራ ባትሪዋን አውጥቼ መሳቢያ ውስጥ ቆለፍኩባት። የምሠራው በአሮጌዋ ነው፤ ጠጋኙ ያላት ነገ አልደረሰባትም፣ አሁንም "ቀጭ" ትላለች።

በየካቲት አንድ ጠዋት የመወርወሪያው አመታት ተለወጠ። ጋቢ ሲሠራ አንድ ወጥ ነው፤ ጥለት ሲሆን ቆም፣ ቆም ይላል። አዲስ ነገር ጀምሯል። ደስ ብሎኝ፣ አሮጌዋን አንገቴ ላይ እንዳንጠለጠልኩ፣ ግቢውን አቋርጬ ሄድኩ። ከበሩ ሳልደርስ መወርወሪያው ቆመ። ኮቴዬን ለይቶታል።

"ግቢ ልጄ" አለኝ።

ስገባ አሮጌውን ጋቢ ጎትቶ ሥራውን ሸፍኖ ነበር።