አራቱ ኖዝሎች

የሠፈሩ ሰው «ጆሮው» ነበር የሚለው። መካኒክ ነው። ረጅም ካቻቢቴ ሞተሩ ላይ ያስደግፍና እጀታውን ከጆሮው ኋላ ካለው አጥንት ገጥሞ፣ ዓይኑን ጨፍኖ፣ «ሦስተኛው ቫልቭ ነው» ይላል። ሲፈታ እውነትም ሦስተኛው ነው። ይኸው ሙያው ነው ያበላሸው። ሠላሳ ዓመት ብረት ሲያዳምጥ ኖሮ የሰው ቃል መስማት አስጠላው። ደንበኛ ገና «መኪናዬ» ብሎ አፉን ሲከፍት፣ «አንተ ዝም በል፣ እሷ ትናገር» ይለዋል።

ከሁሉ አብልጦ የሚንቀው ግን የእህቱን ባል ነበር፤ ጥርስ ሐኪሙን። እናትና አባታቸው ሲሞቱ እንደ ልጁ ያሳደጋት እህቱ፣ ያን ሁሉ ጠያቂ መልሳ እጁ እንደ ሳሙና የሚሙለጨለጭ ሰው ማግባቷ ከሆዱ አልወጣለትም። ሚስት የለው፣ ልጅ የለው፤ ቤቱ የሰው ድምፅ የሚገባው እሁድ ብቻ ነው። እሁድ እህቱና ባሏ ለምሳ ይመጣሉ። ሐኪሙ ታዲያ ከመቀመጡ በፊት ወንበሩን በመሐረቡ ጠረግ ያደርጋል። ያቺን መሐረብ ጆሮው ሳምንቱን ሙሉ ሲያማት ይሰነብታል። ግራ መንጋጋው ሁለት ዓመት ሲጠዘጥዘው፣ በቀኙ ብቻ እያላመጠ፣ «ለዚያ ሰው አፌን ከምከፍትለት ይፍረስ!» ያለ ጉደኛ ነው።

ይኸው ሐኪም አንድ ቀን ሁለት ሰው ብቻ የምትይዝ፣ ጣሪያዋ የሚታጠፍ የእሽቅድምድም መኪና ገዝቶ ጆሮው ግቢ ካለው ጋራዥ ይዟት መጣ። ከወንበሮቹ ኋላ ቦታ ስለሌላት ትልቁን ካርቶን ሚስቱ ታቅፋዋለች።

«ጋሼ፣ ሱፐርቻርጀር አስመጣሁ፤ ጉልበት እንዲጨምርላት።»

«አየር በግድ የሚግት ነፋሽ መሆኑን አውቃለሁ» አለ ጆሮው። «ይቺ ግን ምን በደለችህ? ሁለት ሰው ብድግ የሚያደርጋት መኪና! አንበጣ ላይ ኮርቻ ልትጭን ነው እንዴ ዶክተር?»

ሐኪሙ ፈገግ አለ። እህቱ ወንድሟን ክንዱን ይዛ ወደ በሩ ወሰደችው።

«ወንድም ጋሼ፣ ከእሳቸው እጅ በቀር አላስነካትም ብሎ እኮ ነው። ይቺን ብቻ በደስታ ሥራለት። ብታዋርደው ግን እሁድ የሚባል ነገር የለም፤ በቃኝ።»

«እሺ እቱ፣ እሺ!»

ሦስት ሳምንት ለፋባት። ነፋሹን አሰረ፣ ቺንጋውን ወጠረ፣ ቱቦውን አዞረ። እጁ መቼም ወርቅ ነው፤ ምላሱ ነው እንጂ። ሲጨርስ አራት ኖዝሎች በላስቲክ ከረጢት እንደታሸጉ መስኮቱ ላይ ቀሩ። ሐኪሙ መመሪያውን ዘርግቶ ቀረብ አለ።

«ይቅርታ ጋሼ፣ እነዚህ ነዳጅ የሚረጩት ትልልቆቹስ? ወረቀቱ በድሮዎቹ ፋንታ ይግቡ ይላል። አየሩ ሲጨምር ነዳጁም...»

«አንተ ጥርስ ስትነቅል አጠገብህ ቆሜ ‹ይሄኛውስ?› ብዬህ አውቃለሁ?»

ሐኪሙ ወረቀቱን በአራት አጥፎ ኪሱ ከተተ። ጆሮው ካቻቢቴውን አስደግፎ ዓይኑን ጨፈነ። «ማር ናት!» አለ። ቆማ ስትሠራማ ማር ነበረች።

በማግሥቱ እሁድ ነው። ሦስት ሳህን ደርድሮ ቢጠብቅ ቢጠብቅ የሚመጣ የለም። ወደ አሥር ሰዓት ላይ ያቺ መኪና በገመድ እየተጎተተች መጣች፤ እህቱ ከመሪው ኋላ ብቻዋን፣ ቀሚሷ ዘይት በዘይት ሆኗል።

«ዳገቱ ላይ ነው» አለች። «ተንኳኳች፣ ጭስ ተፋች፣ ከዚያ ዝም።»

ልብሱን እንኳ ሳይቀይር ፈታት። ሁለተኛው ፒስተን አናቱ ቀልጦ ጣት የሚያስገባ ቀዳዳ ተበስቷል። አየር ተግታ ነዳጅ የተነፈገች ሞተር እንዲህ እንደምትነድ ለማወቅ ወረቀት አያስፈልግም ነበር፤ አንድ ደቂቃ ሰው መስማት ይበቃ ነበር። እህቱ ከመስኮቱ ላይ ከረጢቱን አንሥታ መዳፉ ላይ አስቀመጠችለት።

«እሱስ ምን አለ?»

«ምን ይላል! ‹እንዳያፍሩ ቀስ ብለሽ ንገሪያቸው› አለኝ።» ቦርሳዋን አነሣች። «እኔ ግን እንደሱ ጨዋ አይደለሁም። ሁለተኛ እዚህ ቤት ምሳ አንበላም።»

ሄደች።

ፒስተኑን ከራሱ ኪስ ገዛ። አራቱንም ኖዝሎች አስገብቶ፣ ዳገቱን ራሱ አምስት ጊዜ አስወጥቶ አወረዳት። ሁለት እሁድ ብቻውን በላ። ሬዲዮ እየከፈተ ይሞክራል፤ ይዘጋዋል።

በሦስተኛው ሳምንት መኪናዋን እየነዳ ክሊኒኩ ሄደ። ሐኪሙ ሲያየው ደንግጦ ተነሣ። ጆሮው ሱሪው ግራሶ መሆኑን አየና ከኪሱ አዲስ መሐረብ አውጥቶ፣ ነጩ ወንበር ላይ አንጥፎ ተቀመጠ። ቁልፉን ከመሣሪያዎቹ ጎን አኖረ።

«ትልልቆቹ ገብተዋል። ልክ ነበርክ» አለና አፉን ከፈተ።

ሐኪሙ መብራቱን ስቦ አየ። አንዷን መታ፣ ሌላዋን መታ።

«ይቺ መውጣት አለባት ጋሼ።» ሳቁን እንደምንም እየዋጠ ቀጥሎ ያለውን ጥርስ ነካ። «ይሄኛውስ?»

ጆሮው ጣቱን አንሥቶ ወደ ሐኪሙ ጠቆመ፤ አንተ ታውቃለህ እንደ ማለት።

ጥርሱ ወጥቶ፣ ጉንጩ በድን ሆኖ፣ ጥጥ ነክሶ ሲነሣ ሐኪሙ መሐረቡን አጣጥፎ ሰጠው።

«እስከ እሁድ ለስላሳ ለስላሳውን ብቻ ነው የሚበሉት» አለው። «እሷም የእሁዱን ምሳ እንደዚያ አድርጋ እንድታመጣ እነግራታለሁ።»