ስምንተኛው ቀን ሐሙስ ነበር

የያዙኝ ሲልቨር ስፕሪንግ፣ ከምኖርበት አፓርታማ ፓርኪንግ ላይ፣ ጠዋት ወደ ሥራ ስወጣ ነው። ሁለት የኢሚግሬሽን ፖሊሶች ነበሩ። ስሜን በትክክል ለመጥራት ሞከሩ፤ መኪናዬን እንድቆልፍም ፈቀዱልኝ። ትሕትናቸው ይበልጥ አስፈራኝ። አገር ቤት፣ ከምርጫው ግርግር በኋላ የወሰዱኝ በሰደፍ እየገፉ ነበር፤ ያኔ ግን ምን እንደሚፈልጉ አውቅ ነበር። ያኔ የታሰርኩት በተናገርኩት ነው። እዚህ የታሰርኩት ያንኑ ተናግሬ ጥገኝነት ስጠይቅ ዳኛው ስላላመነኝ ነው።

አሌክሳንድሪያ ባለው የስደተኞች ማቆያ ያስገቡኝ ክፍል ሁለት አልጋ ነበረው፤ የወለል ማጽጃ ይሸታል። የታችኛው አልጋ ላይ አንድ ሽበታም ሰው ቀኝ እግራቸውን በተጠቀለለ ብርድ ልብስ ላይ ሰቅለው ተኝተዋል። ክሪስታል ሲቲ ፓርኪንግ ውስጥ ትኬት ይቆርጡ እንደነበር፣ የመኖሪያ ወረቀታቸው ጊዜው አልፎ ከተቃጠለ ብዙ ዓመት እንደሆነው ነገሩኝ።

«እግርዎን ምን ሆነው ነው?» አልኳቸው።

«ከአልጋ ስወርድ ጉልበቴን መታሁት። ትንሽ ነገር ነው።»

ትንሽ ነገር አልነበረም። ቆዳው ተወጥሮ ያብለጨልጫል፤ ስነካው ይፋጃል። ለሕመሙ የተሰጣቸው አስፕሪን በወረቀት ኩባያ አጠገባቸው ተቀምጧል።

እኔ ሐኪም አይደለሁም። ሥራዬ ላብራቶሪ ውስጥ በዘር የሚተላለፍ የደም ሕመም ማጥናት ነው፤ ደም ለመርጋት ስንት ሰከንድ እንደሚፈጅበት፣ የማይረጋው ደም ምን እንደጎደለው እመረምራለሁ። የደሙን ባለቤት ግን አይቼ አላውቅም ነበር። ለእኔ የሚደርሰኝ ብልቃጡ ነው።

«ጥርስ ተነቅለው ያውቃሉ?»

«አንዴ። ሦስት ቀን ደማሁ።»

«ከዘመድስ እንዲህ የሚደማ አለ?»

«የእህቴ ልጅ በተገረዘ በማግስቱ ደሙ ፈሶ አለቀ። ባሏ ‹ደምሽ የተረገመ ነው› ብሎ ፈታት።»

አስፕሪኑን እንዳይውጡት ለመንኳቸው፤ ጉልበታቸው ውስጥ የሚፈሰውን ደም ያባብሰዋል። ጠባቂውን ጠርቼ ሐኪም እንዲያያቸው ነገርኩት። «ዶክተር ነህ?» አለኝ። ነኝ ብል ምናልባት ይሰማኝ ነበር። አይደለሁም አልኩ። ቅጽ ሙላ ብሎኝ ሄደ። ሞላሁ።

ሰውዬው እኔን ለማጽናናት ይመስል ፈገግ አሉ። «ይልቅ ደስ የሚለውን ልንገርህ። ታኮማ ፓርክ ያለችው ልጄ ወንድ ወለደች። ሐሙስ ስምንተኛ ቀኑ ነው፤ ወስደው ሊያስገርዙት ነው።»

ቀኑ ማክሰኞ ነበር።

እንዴት እንደምነግራቸው ጨነቀኝ። ይህ እርሳቸው ላይ የጠረጠርኩት ሕመም ካለበት አባት የምትወለድ ሴት ሁሉ፣ ራሷ ባትታመምም፣ ትሸከመዋለች፤ ወንድ ልጇ ወይ ይወርሰዋል ወይ ይተርፋል፣ ዕድሉ እኩል ነው። ቀስ ብዬ አስረዳኋቸው።

«አልነግራትም» አሉ በመጨረሻ። «ባሏ ቢሰማስ? እንደ እህቴ ተፈትታ ትቅር?»

«ሳይመረመር ከተገረዘ ሊሞት ይችላል።»

«ላይሞትም ይችላል።»

«አዎ፣ ላይሞትም ይችላል» አልኩ።

ፊታቸውን ወደ ግድግዳው አዞሩ። እራት መጣ፤ ሁለታችንም አልቀመስንም።

ረቡዕ ከሰዓት በኋላ የስልክ ተራዬ ነበር፤ ለአንድ ጥሪ ብቻ፣ ዐሥር ደቂቃ። የእርሳቸው ተራ ዓርብ ነው። ጠበቃዬ በዚያው ቀን ለሚገባው ይግባኝ የእኔን ቃል እየጠበቀ ነበር። በሩ ሲከፈት ሰውዬው ቀና አሉ።

«የልጄን ቁጥር ያዝ። አንተ ንገራት። እኔ አፌ አይችልም።»

ስልኩ አዳራሹ ግድግዳ ላይ ነው። ደወልኩ። ከአባቷ ጋር የታሰርኩ መሆኔን ነግሬ ነገሩን ሳስረዳት ድምጿ ተለወጠ።

«ኤክስኪዩዝ ሚ? የእኔ ልጅ ኖርማል ነው! አፖይንትመንቱ ነገ ነው፤ ካንስል አላደርግም። እርስዎን መቼ አውቅዎትና?»

ከኋላዬ እጅ ትከሻዬን ያዘኝ። ሰውዬው ግድግዳውን እየተደገፉ፣ በአንድ እግራቸው እየዘለሉ መጥተዋል። ግንባራቸው በላብ ርሷል። መነጋገሪያውን ተቀበሉኝ።

«ልጄ፣ እኔ ነኝ። የነገረሽ እውነት ነው።» ጥቂት አዳመጡ። «አይደለም፣ ከእናትሽ አይደለም። ከእኔ ነው የመጣው። ለባልሽም እንዲሁ በይው፤ ከአባቴ ነው በይው። የሚሰድብ ካለ እኔን ይስደብ። ልጁን አስመርምሪው።»

ስልኩ እስኪቋረጥ ድረስ ቀጥ ብለው ቆሙ። ከዚያ ተደግፈውኝ ተመለስን።

ለቅጹ መልስ ሳይመጣ ዓርብ ጠዋት ወደ ሌላ ማቆያ ወሰዷቸው። ጠባቂው በቁርጭምጭሚታቸው ሰንሰለት ሊያጠልቅ ሲል፣ «ቀኙን ተው፣ እባክህ» አልኩት። ጉልበቱን አየና ግራውን ብቻ አሰረ። የእኔ ይግባኝ ያለ ቃሌ ገብቶ ውድቅ ሆነ። ጉዳዩ እንደገና ተከፍቶ እስክፈታ አራት ወር ቆየሁ። አልጸጸትም ብል ውሸት ነው፤ የጸጸተኝ ቀን አለ።

ሕፃኑ ተመርምሮ ሕመሙ ተገኘበት፤ በስምንተኛ ቀኑ አልተገረዘም። አያቱን ወደ አገር ቤት መለሷቸው። ጉልበታቸው ከዚያ ወዲህ ታጥፎ እንደማያውቅ ልጃቸው ነገረችኝ። ባሏ አብሯት ነው።

እኔም ሲልቨር ስፕሪንግ፣ ወደ ሥራዬ ተመልሻለሁ። አንዳንድ ጊዜ ለአበሻ ቤተሰቦች በአማርኛ እንዳስረዳ ክሊኒክ ይጠሩኛል። ሕመሙ በዘር የሚመጣ ነው ስል ሁሉም ዞሮ እናትየዋን ያያል። አብሯት የመጣ አባቷ ካለና የሚያውቀው ነገር ያለ ከመሰለኝ፣ ንግግሬን አቆምና ትንሽ እጠብቀዋለሁ። እስካሁን «ከእኔ ነው» ብሎ አፉን የከፈተ የለም።