መርፌዋ አልዋሸችም

ሾፌሯ እምቢ ካለች እምቢ ነው። ይህን ከአናጺው ባሏ የበለጠ የሚያውቅ የለም፤ ምስክሩም ግንባሩ ላይ ያለው ጠባሳ ነው። የጠባሳውን ነገር እንደርስበታለን።

ዕድሜዋን የከተማ አውቶቡስ ስትነዳ ኖራለች። መጀመሪያ መሪ በጨበጠች ሰሞን አንዳንዱ ተሳፋሪ በሩ ላይ ሲደርስ ቀና ብሎ ያያትና፣ «ሴት ልትነዳን ነው? እኔስ የሚቀጥለውን እጠብቃለሁ» ይላል። «ጠብቅ» ትለዋለች፣ «የሚቀጥለውም የኔው ነው፤ ዞሬ ስመጣ እዚሁ አገኝሃለሁ።» በሩን ዘግታ ውልቅ! ዞራ ስትመጣም እዚያው ታገኘዋለች። አንገቱን ደፍቶ ይሳፈራል።

ጡረታ በወጣች ሰሞን፣ ራት እየበሉ ሳለ፣ «ከእንግዲህ መሬት ላይ አልነዳም» አለችው ባሏን። አናጺው መንዳት የታከታት መስሎት «ደግ አደረግሽ፣ እረፊ» ብሎ መብላቱን ቀጠለ። እሷ ግን ሳህኑን ገፋ አድርጋ ጠረጴዛው ላይ አንድ ትልቅ ወረቀት ዘረጋች። የትንሽ አውሮፕላን ንድፍ ነው፤ ክንፉ የእንጨት፣ ሁለት ሰው የሚይዝ፣ ሰው በቤቱ ገጣጥሞ የሚሠራው ዓይነት። «እንጨቱ ያንተ፣ ሞተሩ የኔ» አለች። አናጺው ከልቡ ሳቀ። የሳቀው ግን እሱ ብቻ ነበር።

የሰው አፍ መቼም አያርፍም። ጎረቤቱ «ባልና ሚስት ባንድ ቀን አበዱ» አለ። የገዛ ልጃቸው ሳትቀር፣ «እማዬ፣ ሰው በጡረታው አበባ ይተክላል» አለቻት። «አበባውን አንቺ ትከዪ፣ እኔ ከላይ ሆኜ አየዋለሁ» አለች እናት። ሁሉንም ጆሮ ዳባ ልበስ ብላ ሥራዋን ቀጠለች። ክንፉ ከአናጺው የሥራ ክፍል ረዝሞ ግድግዳ ጋ ሲደርስ፣ አናጺው ተስፋ አድርጎ «እንግዲህ ግድግዳ ነው፤ ምን ይደረጋል» ቢል፣ ዲጂኖ አንስታ ግድግዳውን በሳችው። ከግድግዳው ወዲያ ያለው መኝታ ቤታቸው ነው። ከዚያ ወዲህ የክንፉ ጫፍ ከራስጌያቸው በላይ ተንጠልጥሎ ስንት ዓመት ተኙ! ጠባሳውም የመጣው ከዚያ ነው። አናጺው አንድ ማለዳ ደንግጦ ብድግ ሲል ክንፉ ተቀበለው፤ እሷም ደሙን እየጠረገችለት «እስካሁን አልለመድከውም?» አለችው።

ሲሠሩ ሁለቱም የየራሳቸው አመል ነበራቸው። እሷ ከአውቶቡስ ጋራዥ ያመጣችው ልማድ አላት፤ አንድ የብሎን ዳዶ ጠብቆ ሲያበቃ፣ ባሏም ደግሞ ፈትሾ «ልክ ነው» ሲል፣ በብሩሽ ቀይ ቀለም ታስነካዋለች። ዳዶው ላልቶ ከዞረ ቀለሙ ይሰነጠቃልና በሩቁ ይታወቃል። ቀይ ያልነካው ነገር ለእሷ ገና አልተሠራም። እሱ ደግሞ ጌጅ የሚባል መለኪያ አያምንም። ታንኩ ውስጥ ምን ያህል ነዳጅ እንዳለ ለማወቅ በገዛ እጁ የጠረበውን፣ በቢላ ምልክት ያደረገበትን ቀጭን ዘንግ ይነክራል፤ ሞተሩ ከመነሳቱ በፊት ይነክራል፣ ሲጠፋም ሮጦ ይነክራል። «ጌጅ ሰው የሠራው ነው» ይላል። «ዘንጉንስ ማን ሠራው?» ስትለው «እሱንማ እኔ ነኝ» ይላል፤ እንዲህ ያለ ሰው ነው።

አውሮፕላኑ አልቆ ከከተማው ወጣ ብሎ ወዳለው የማብረሪያ ሜዳ ተወስዶ በቆርቆሮ መጠለያ ውስጥ ከገባ በኋላ ነው ጣጣው የመጣው። ሾፌሯ በዚያው ሜዳ፣ ሜዳውን በሚያስተዳድረው የአብራሪዎች ማኅበር አውሮፕላን ተምራ የአብራሪነት ፈቃዷን ይዛለች፤ የቀራት የራሷ አውሮፕላን ምርመራ አልፎ መብረር ብቻ ነው። ሞተሩ ሲነሳ ደህና ነው። ሣሩ ላይ እየነዳች ደርሳ ስትመለስ ደህና ነው። ከዚያ ጥቂት ቆይታ ጉልበት ስትሰጠው የነዳጅ ግፊት የምታሳየው መርፌ ቀስ እያለች ትወርዳለች፤ ሞተሩም ሳል እንደያዘው ሽማግሌ ኡሁ ኡሁ ይልና ጸጥ ይላል። አናጺው ዘንጉን ይዞ ይሮጣል፣ ክዳኑን ከፍቶ ይነክራል፤ ነዳጅ ሞልቷል። ክዳኑን ይዘጋል፣ እሷ ታስነሳዋለች፣ ሞተሩ ምንም እንዳልሆነ ሁሉ ይንደቀደቃል። ምርመራ በመጣ ቁጥር እንዲህ ሆነባት፤ መርማሪው ዓይኑ እያየ ሁለቴ ጠፋ፣ ሁለቴም ሳይፈርም ተመለሰ። የሜዳው ደንብ ደግሞ ግልጽ ነው፤ ሦስቴ ምርመራ የወደቀ አውሮፕላን መጠለያውን ይለቃል። ሌላ መጠለያ በአገሩ የለም። ከመጠለያ የወጣ የእንጨት ክንፍ ደግሞ አንድ ክረምት አይሻገርም፤ ፈታትቶ ለማገዶ ነው።

«ጌጁ ነው የሚዋሸው» አለ የማኅበሩ ሊቀመንበር። ይህ ሊቀመንበር የራሱን አውሮፕላን ተሠርቶ ያለቀ ገዝቶ ያመጣ፣ ዳዶ በእጁ ሳይነካ ስለ ሞተር ሲያስተምር የሚውል ሰው ነው። ጌጁ ተቀየረ፤ አዲሷም መርፌ እንደ አሮጌዋ ወረደች። ፓምፑ ተቀየረ፣ የነዳጅ ማጥለያው ተቀየረ፣ ቱቦው ተፈትቶ ተነፋ። ላም ባልዋለበት ኩበት ለቀማ! ሾፌሯ ግን ከመጀመሪያው አንስቶ አንድ ቃል ነው ያላት፦ «መርፌዋ አትዋሽም። ወረድኩ ካለች ወርዳለች። አይጥ በበላ ዳዋ አትምቱ።»

የሦስተኛው ምርመራ ዋዜማ ሊቀመንበሩ ጠጋ ብሎ ምክር ለገሳት። «እናታችን፣ ለምን ራስሽን ታደክሚያለሽ? ከምርመራው በፊት ሞተሩን አታስነሺው። መርማሪው ጥቂት ያስነሳውና ይፈርማል፤ ሳሉ ሳይመጣበት ያልቃል። ከዚያ ቀስ ብለሽ ትፈልጊዋለሽ።»

«እናትህ እቤትህ ናት» አለች። «እኔ በሽታውን ሳላውቀው ዳነ ብዬ አላስፈርምም።»

«ካልፈረመልሽ እኮ መጠለያውን ትለቂያለሽ።»

«እለቃለኋ! ተሰባብሮ ይወጣል እንጂ ተዋሽቶለት አይበርም።»

አናጺው ይህን ሁሉ ሰምቷል። እውነቱን ለመናገር አውሮፕላኑ ምርመራውን ቢወድቅ ደስ ይለው ነበር። ያ ሁሉ ዓመት የላገው እንጨት ከሚስቱ አይበልጥበትም። ያ ሳል ሰማይ ላይ ሲመጣባት በሐሳቡ ያየዋል፤ ዘንጉን ይዞ ወደየት ይሮጣል? ግን ይህን ለእሷ መናገር አይቻልም፣ ስለዚህ ሆድ ይፍጀው አለ።

በማግስቱ ጠዋት፣ መርማሪው ሳይመጣ፣ ሾፌሯ ሞተሩን አስነሳች፤ የተመከረችውን እንዳትሠራ ብላ ይመስላል። ሣሩ ላይ ደርሳ መልስ ነዳች፣ መጠለያው ፊት ቆማ ጉልበት ሰጠችው። መርፌዋ ወረደች። ሞተሩ ሳለ፣ ጠፋ። አናጺው እንደ ልማዱ ዘንጉን ይዞ ሲሮጥ ከመቀመጫዋ ላይ ጮኸችበት።

«አትንካ!»

ቀጥ ብሎ ቆመ።

«ሞልቷል አልኩህ፣ የታንኩ ጌጅም ሞልቷል አለ! ሞተሩ ባሸነፈኝ ቁጥር ያንን እንጨትህን ይዘህ እንደ ውሸታም ትፈትሸኛለህ። ዛሬ አትነክርም። እምቢ!»

ደሙ ፈላ፤ ደግሞም አዘነ። ዘንጉን ይዞ ፊቱን አዞረ። እሷ በንዴት ሞተሩን ልታስነሳ ሞከረች። ዞረ፣ ሳለ፣ ጠፋ። ደገመች፤ ጠፋ። ሰለሰች፤ አሁንም ጠፋ። እስከ ዛሬ ሁሌም ወዲያው ይነሳ የነበረ ሞተር ዛሬ እንደ እሷው እምቢ አለ።

እጇን ከማስነሻው አነሳች። ከዚያ በሌላ ድምፅ፣ «ዛሬ ያላደረግነው ምንድን ነው?» አለች።

«እኔ ምን አውቃለሁ» አለ አናጺው፣ ፊቱን ሳይመልስ። «እኔ እንደሆን አትንካ ተብያለሁ።»

ይህን ሲል የተናገረው ለራሱም ገባው። ዞሮ አያት፤ እሷም ታየዋለች። ዘንጉን ሣሩ ላይ ጥሎ ክንፉ ላይ ተንጠላጠለና የታንኩን ክዳን ፈታ ሲያደርገው፣ ታንኩ ፍስስስ ብሎ አየር ማገ፤ አፍና አፍንጫው ታፍኖ ቆይቶ እንደተለቀቀ ሰው። ክዳኑን እንደገና ሳይዘጋው እሷ ሞተሩን ነካችው፤ ተነሳ። አጠፋችውና ወረደች።

ጀሪካን ከአንድ ወገን ብቻ ሲበሳ ዘይቱ እንደማይወርድ የማያውቅ የለም፤ የወጣውን የሚተካ አየር መግባት አለበት። ለዚህ ተብሎ ነው የታንኩ ክዳን መሐሉ ላይ በመርፌ ቀዳዳ ልክ የተበሳው። ያ ቀዳዳ ከተደፈነ ሞተሩ ነዳጁን እየመጠጠ እየመጠጠ ሄዶ፣ በመጨረሻ ታንኩ «አልሰጥም» ይላል። አናጺው ሊነክር ክዳኑን በከፈተ ቁጥር ታንኩ ትንፋሽ ያገኝና በሽታው ይድናል፤ እነሱም ምንም ሳያገኙ ክዳኑን መልሰው ይዘጉታል። ጥንቃቄያቸው ነበር ሲያታልላቸው የኖረው።

ሾፌሯ መነጽሯን አድርጋ ክዳኑን ወደ ብርሃን አዞረችው። ቀዳዳው ላይ ቀይ ቀለም ደርቋል። ክዳኑ በሥራው ሁሉ መጨረሻ የተገጠመ ዕቃ ነው፤ ያን ቀን ደስ ብሏት አብዝታ ነበር የቀባችው።

አናጺው ክፉ ነገር መናገር ይችል ነበር። ያ ሁሉ ጌጅ፣ ያ ሁሉ ፓምፕ፣ ያ ሁሉ «እንደ ውሸታም ትፈትሸኛለህ»! ፊቷን አየና ተወው። 

መርማሪውና ሊቀመንበሩ የደረሱት ይኼኔ ነው። መርማሪው ብዙ የማይናገር፣ ሁለቴ ሳይፈርም ሲሄድም ከልቡ ያዘነ ሰው ነው። ሊቀመንበሩ ገና ከሩቁ «እንዴት ነው፣ አልሳለም አይደል?» ብሎ ጠቀሳት። ሌላ ሰው ቢሆን ክዳኑን ኪሱ ይከተው ነበር። እሷ ዘርግታ ለመርማሪው ሰጠችው።

«ይኸው በሽታው። የደፈንኩት እኔ ነኝ፤ በገዛ እጄ፣ በገዛ ቀለሜ። ሁለቴ ያለ ጥፋትዎ ነው ያመላለስኩዎት።»

ሊቀመንበሩ ዕድሉን አላሳለፈም። «አያችሁ! እኔ እኮ የምለው ይኼንኑ ነው። በዚህ ዕድሜ እንዲህ ያለ ስህተት... እናታችን፣ ቢፈርሙልሽ እንኳን መጀመሪያ የሚያበረው ወጣት ይሁን። ለራስሽ ብዬ ነው።»

«የኔን ጥፋት እኔው አገኘሁት» አለች። «ያንተን ማን ያገኝልሃል? ትናንት ሳታውቀው አስፈርሚ ያልከኝ አንተ አይደለህም?»

መርማሪው ቀና ብሎ ሊቀመንበሩን አየው።  ቀዳዳውን በቀጭን ሽቦ ራሱ ጠረገ፣ ነፋበት፣ ክዳኑን ገጠመና «እንግዲህ ያስነሱት» አላት። «ከተለመደው በላይ ይቆይ» አለች እሷ፣ «እስኪሰለችዎት ድረስ።» ቆየ። ሞተሩ ጋለ፣ ሣሩ ከኋላው ተኛ፣ የቆርቆሮው ጣሪያ ተንቀጠቀጠ። አናጺው ዓይኑን ከጌጁ አልነቀለም፤ መርፌዋ ግን ወይ ፍንክች። መርማሪው ሲፈርም አናጺው ደስ አለው፣ ደግሞም ፈራ። ከእንግዲህ የሚያስቀራት ነገር አልነበረም።

ከሰዓት በኋላ ነፋሱ ሲረጋ ወጣች። ብቻዋን ነበር፤ የመጀመሪያ በረራ ሰው አይጫንበትም። ሊቀመንበሩ የሜዳውን ሬዲዮ ይዞ «አንድ ዙር ብቻ፣ ከዚያ ወዲያው መውረድ» ብሎ አዘዘ። አውሮፕላኑ ሣሩን እየመታ ተንደረደረና በመጨረሻ መምታቱን አቆመ። ያ መኝታ ቤታቸው ውስጥ ያደገ ክንፍ ተሸከማት። አናጺው አላለቀሰም ብንል ውሸት ነው።

አንድ ዙር ዞረች። መንደርደሪያው ጋ ስትደርስ ግን ቁልቁል በመምጣት ፈንታ ከፍ አለች። ሁለተኛ ዞረች፤ አሁንም ከፍ አለች።

«ምን ሆነች?» አለ ሊቀመንበሩ፤ ድምፁ ቀጠነ። «የሆነ ነገር ተበላሽቷል! ውረጂ! ትሰሚኛለሽ? ውረጂ ነው የምልሽ!» መልስ የለም። ሬዲዮውን አናጺው እጅ ላይ ጣለው። «አንተ ንገራት፣ ባሏ አይደለህ!»

አናጺው ያን ሁሉ ዓመት የፈራው ቀን ይኸው ነበር። ሬዲዮውን ወደ አፉ አስጠጋ።

«አንቺ ሴትዮ፣ መርፌዋስ?»

ጥቂት ተንኮሻኮሸና ድምፅዋ መጣ፤ እየሳቀች ነበር። «ቀጥ ብላለች።»

«ነዳጅስ?»

«ሞልቷል። ታምነኛለህ ወይስ ዘንግህን ይዘህ ትመጣለህ?»

አናጺው ሊቀመንበሩን አየው፤ ሊቀመንበሩ በእጁ ወደ መሬት እያመለከተ ነው፣ ትውረድ፣ ትውረድ። ከዚያ ወደ ላይ አየ።

«እንግዲያ ምን ያስቸኩልሻል?» አላት፣ ሬዲዮውንም አጥፍቶ ኪሱ ከተተው።