በሩን ቆልፍብኝ ያለው ቀቢ

የእህቴን ባል «መስታወት» የምንለው እሱ የቀባው እንጨት ፊት ስለሚያሳይ ነው። እኔ አናጢ ነኝ፤ ሠርቼ የምሰጠውን አልጋና ቁም ሳጥን የሚያሳምረው እሱ ነው። ጎማላካ የሚባለውን የእንጨት ማንጸባረቂያ ሙጫ በአልኮል አሟሙቶ፣ በጨርቅ እየነከረ እንጨቱን ሲያሽ ለእጁ ወደር የለውም። ለመጠጥም ወደር አልነበረውም።

እህቴ ቁርጡን ነገረችው። «ከእንግዲህ ጠጥተህ ከመጣህ በሬን አልከፍትልህም። ልጄ አባቷን ደግፋ ደረጃ መውጣት በቃት!» አለችው። አቆመ። የሄድንበት ሐኪምም እኔንና እሱን አስቀምጦ አስረዳን። መጠጡ የድሮውን ደስታ መስጠት ትቷል፤ አንጎሉ ግን ስጦታውን መጠበቅ አልተወም። ጠርሙስ ካየ ወይም ከሸተተው፣ ገና ሳይቀምስ፣ ውስጡ «አምጣ» ይላል። ይሄ ምን ዓይነት ጉድ ነው አልኩ በሆዴ።

የገዛ ልጁን አልጋ የሚቀባ ዕለት ጠዋት ላብ አጥምቆት መጣ።

«እግሬ ወደ መጠጥ ቤቱ እየጎተተኝ ነው። ከውጭ ቆልፍብኝ። ብለምንህም እንዳትከፍት» አለኝ።

«ለኔ ተወው» አልኩ። አቧራ ቀለሙ ላይ እንዳያርፍ እንደ ልማዳችን የመቀቢያ ክፍሉን መስኮት ዘጋሁ፤ በሩን ከውጭ ቆለፍኩና ቁልፉን ኪሴ ከተትኩ። ስለ አልኮሉ ቆርቆሮ ሁለታችንም አላሰብንም። ለኛ እንደ መዶሻ የሥራ ዕቃ ነበር።

ግቢ ውስጥ ጣውላ ስልግ በሩ ተደበደበ።

«ክፈትልኝ! የትም አልሄድም፣ አየር ብቻ!»

«ይቺን ዘዴህን እናውቃታለን፣ ጌታው!» ብዬ ሳቅሁበት። ትንሽ ቆይቶ መደብደቡን ተወ። ተሳካልን ብዬ ደስ አለኝ፣ በእውነት ደስ አለኝ።

አልጋውን ልጭን ስከፍት ሽታው፣ ስንት ዓመት የለመደውን አፍንጫዬን እንኳ፣ ሰነፈጠው። ቆርቆሮውን አቅፎ ወለሉ ላይ ተቀምጧል።

«ከሱ ጋር እኮ ነው የቆለፍክብኝ» አለ፣ ሳይቆጣ።

«ጠጣኸው? ይሄ መርዝ እኮ ነው!»

«አንድ ጉንጭ። አንገሸገሸኝ፤ ምንም አልጣመኝም።» እንባው ወረደ። «ከዚያ ደገምኩት።»

ወደ ሐኪም ልወስደው ብብቱን ይዤ ሳነሳው ስልኬ ጮኸ። የእህቴ ልጅ ናት። አነሳሁት።

«አጎቴ፣ አልጋዬ አለቀ? እማዬ በሩን ከፍታ እየጠበቀቻችሁ ነው።»

የአልጋው ራስጌ አልቋል። የሁለታችንም ፊት ቁልጭ ብሎ ይታይበታል።